ሦስት ለአንድ

ሺዙኤ የሰው ልጅ ማዘል የጀመረችው በሃያ ዓመቷ ነው። አሁን ሃምሳ አራት ደፍናለች፣ የራሷን ግን አንድም አላዘለችም። በጃፓን የወደብ ከተማ በሳካታ፣ ከወደቡ በላይ ባለው የሕፃናት ማቆያ፣ ዓመት ያልሞላቸው የሚውሉበት ክፍል ኃላፊ ናት። ዛሬ ጀልባ የሚያዙ ጎልማሶች መንገድ ላይ ሲያገኟት እንደ ልጅ ተሽኮርምመው ያልፋሉ። ሽንት ጨርቃቸውን የቀየረችላቸውን ሴት ምን ብለው ይኩራሩባት!

ደንቡን የተማረችው ማሠልጠኛ ሳለች ነው። ዓመት ላልሞላቸው ሦስት ሕፃናት አንድ መምህር። አሮጊቷ አስተማሪዋ አንድ አሻንጉሊት አሳዘለቻት፣ ሁለት ደግሞ በሁለት ክንዷ አሳቀፈቻትና «እሳት ተነሣ፣ ሩጪ!» አለቻት። ሺዙኤ ሮጠች። ተመልሳ «አራተኛ ቢኖርስ?» ብላ ጠየቀች።

«አራተኛ የለም» አለች አስተማሪዋ። «ደንቡ የወጣው እንዳይኖር ነው።»

አሁን ክፍሉ ውስጥ ዘጠኝ ሕፃናት አሉ፤ ስለዚህ ሦስት መምህራን ያስፈልጋሉ። በወረቀት ሦስት ናቸው። አንዷ ሺዙኤ፣ ሁለተኛዋ ቺጉሳ የምትባል የሁለት ልጆች እናት፣ ሦስተኛዋ የዳይሬክተሩ የኢዋቡቺ ሚስት። የሚስትየዋ የሙያ ፈቃድ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ እሷ ራሷ ግን ቤቷ ተቀምጣ አበባዋን ታጠጣለች። መስታወት ውስጥ ያለ ወረቀት ሕፃን ያዝላል እንዴ? ይህን ለኢዋቡቺ ደፍሮ የሚነግረው ጠፋ።

ወር በገባ ቁጥር የሥራ ድልድሉን ይዞ ይመጣል።

«መምህርት ሺዙኤ፣ ማኅተምዎን ባስቸግር?»

«ባለቤትዎ ያለፈውን ወርም አንድ ቀን እንኳ አልመጡም።»

«ትመጣለች፣ ትመጣለች። ሰው ጠፋ እኮ! ማስታወቂያ ካወጣሁ ስንት ጊዜዬ ነው? ወይስ ልዝጋው? እንግዲያው ለእናቶቹ እርስዎ ይንገሩልኝ፣ ‹ሥራችሁን ተዉና ልጃችሁን ታቀፉ› ብለው።»

እሷም በፊርማ ፈንታ የምትጠቀምበትን፣ የቤተሰቧ ስም የተቀረጸበትን ትንሿን ማኅተም ከቀይ ቀለሙ ነክራ ትመታለች። ከሚያዝያ ወዲህ ሰባት ጊዜ መታች።

ከእሳት የማምለጥ ልምምድ በየወሩ ግዴታ ነው። ኢዋቡቺ ታዲያ ሕፃናቱ በተኙበት ሰዓት አደረገው። የተኛ ሕፃን መቀስቀስ ነውር ነው አለ አዛኙ! ሁለቱ ሴቶች ባዶ እጃቸውን ከላይኛው ፎቅ ወርደው ግቢ ይቆማሉ፣ እሱ ሰዓቱን ይይዛል። «ሃምሳ ሰከንድ! ግሩም ነው!»

«የምሩ ሲመጣ እርስዎ አራት ይይዛሉ፣ እኔ አምስት» አለች ቺጉሳ አንድ ቀን። «አንዱን እንደ ድመት በጥርሴ።»

«አንቺ ደግሞ፣ አፍሽን ይቅር ይበለው!» ብላ ሳቀች ሺዙኤ። ማታ እራቷን ስትበላ ግን ሳቁ ጠፋ። ስድስቱ ይወጣሉ። ሦስቱስ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጃውን ስትወጣም ስትወርድም ይህንኑ ታስብ ነበር፤ ፈርታለች፣ ለማንም ግን አልተነፈሰችም።

በኅዳር አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ሕፃናቱ እንደተኙ፣ የባሕሩ ነፋስ መስኮቱን ያንገጫግጨው ጀመር። ቺጉሳ ወላጆች ማታ የሚያነቡትን የውሎ ማስታወሻ ትጽፋለች። የእሳት ደወሉ ሲጮህ ሁለቱም ልምምድ መስሏቸው ነበር። ቀጥሎ ከታች፣ ከልብስ ማድረቂያው ክፍል፣ የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ መጣ።

ሺዙኤ አንዱን አዘለች፣ ሁለቱን አቀፈች። ቺጉሳም እንዲሁ። ደረጃው ላይ ጭሱ እስከ ጉልበታቸው ደርሶ ነበር። ግቢ እንደወረዱ ሺዙኤ ሕፃናቱን ለወጥ ቤት ሠራተኛዋ እጅ በእጅ ሰጠቻትና ተመልሳ ሮጠች። ሦስቱ እዚያው ጥግ እንደተኙ ናቸው። ጭሱ ከበሩ አልፏል። እንዴት እንዳወጣቻቸው አታስታውስም፤ ግቢ ደርሳ እሷ ስታስል፣ ሦስቱም ሲያለቅሱ፣ ያንን ለቅሶ ነው የምታስታውሰው።

ነገሩ ማድረቂያው ውስጥ የተጠራቀመ ብናኝ ነበር። እሳት አጥፊዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሄዱ፣ ሐኪሙም ሕፃናቱን አይቶ ደኅና ናቸው አለ።

«ዘጠኙም በሰላም!» አለ ኢዋቡቺ እጁን እያፋተገ። «አያችሁ፣ ልምምዳችን ፍሬ አፈራ!»

ሺዙኤን ግን ሌላ ነገር ይዟታል። ደወሉ ሲጮህ ማንን ላንሣ ብላ አንዲት ሰከንድ እንኳ አላመነታችም። እጇ በቀጥታ በሩ አጠገብ ወዳሉት፣ ወደ ቀላሎቹ ሄደ። ከባዱን ኢቡኪን ጥጉ ላይ ያስተኛችው ማን ነው? እሷ ናት፤ ከሙቀቱ ወራት ጀምሮ፣ እዚያ ይቀዘቅዝለታል እያለች። ለካ ማን እንደሚቀር አስቀድማ መርጣ ጨርሳለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የኢቡኪ እናት ካናኤ ከዓሣ ገበያው የጎማ ጫማዋን እንዳደረገች እየሮጠች መጣች። ልጇን ከሺዙኤ እቅፍ ስታየው እንባዋ ወረደ፤ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች፣ ቀና ብላ ደግማ ነሣች።

«መምህር፣ በምን ቃል ላመስግንዎ? እኔ እኮ ልቤ አርፎ የምሠራው እርስዎ ስላሉ ነው!»

ኢዋቡቺ በሩ ላይ ቆሞ ፈገግ አለ።

«ትቼው ነበር የወጣሁት» አለች ሺዙኤ።

«ምን አሉኝ?»

«ኢቡኪን። መጀመሪያ ስወጣ ትቼው ነው። አሥር ኪሎ ስለሆነ፣ ከእሱ ጋር ሌላ መያዝ አልችልም። መምህራኑ ሁለት ነን። ከሚያዝያ ጀምሮ ሁለት ነን፣ ሦስት ነን ብዬ በማኅተሜ የማረጋግጠውም እኔ ነኝ።»

«ደንግጠዋል እኮ፣ ደክሟቸዋል!» ብሎ ኢዋቡቺ ጣልቃ ገባ። «ነገ እረፍት እሰጣቸዋለሁ።»

ካናኤ አንዴ እሱን፣ አንዴ ሺዙኤን አየች። ከዚያ ልጇን ከሺዙኤ ክንድ ነጠቀችና አንገቱን በመዳፏ ሸፍና ወደ ኋላ አፈገፈገች። ጀርባዋ ከኢዋቡቺ ደረት ጋር ተገናኘ፣ እዚያው ተጠግታ ቀረች። የፈራችው ሺዙኤን ነበር።