ልብስ የምናጥብበት ብረት

ዳውንታውን ላስ ቬጋስ፣ የምሠራበት ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አንድ ነጭ አንሶላ ዝገት ነክቶት ወጣ። ሱፐርቫይዘሬ ሲናደድ እኔ ሳቄ መጣ። ጋምቤላ፣ ባሮ ወንዝ ዳር ሳድግ የዩኒፎርሜ ሸሚዝ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር።

እናቴና ጎረቤቶቿ ልብስ የሚያጥቡት ከዳሩ ጭቃ ብቅ ያለ ሰፊ ብረት ላይ ነው። ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ደግሞ እዚያው ብረት ላይ ይቀመጡና፣ በወጣትነታቸው የሠሩባት የእንፋሎት መርከብ የት እንደሰመጠች ለእኛ ለልጆች ያሳዩናል። ከዘራቸው ዛሬ ወደ ድልድዩ፣ ነገ ወደ ማዶ ይጠቁማል። ዋና የሚችሉ ጎረምሶች ፈልገው ሲያጧት "በደንብ አልጠለቃችሁም" ይሏቸዋል።

አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ የዳሩን ጭቃ ጠርጎ ወሰደው። ውሃው ሲጎድል ብረታችን መርከብ ሆኖ አረፈው። ለካ ስናጥብ የኖርነው ጣሪያዋ ላይ ነው።

ሰው ሁሉ ሲስቅ ጋሽ ደምሴ እናቴን ቀስ ብለው፣ "ዝገቱን አይቼ ድሮ አውቄያለሁ። ግን ከተገኘች ማን ቁጭ ብሎ ይሰማኛል?" አሏት። ያኔ አልገባኝም፤ እኔን ያሳሰበኝ ከነገ ጀምሮ የት እንደምናጥብ ነበር።

ከሺፍት ስወጣ ልጄ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ጠበቀችኝ። ስለ አንሶላው ጀመርኩላት። የጋሽ ደምሴ ከዘራ ጋ ስደርስ ቀና አለች።

"ማሚ፣ ሺፑ ተገኘ?"

"ገና ነው" አልኳት። "እየተፈለገ ነው።"

ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።