ሦስት ቆርኪ ላምባ

ልጅ ሳለሁ ብዙ ተረት አውቅ ነበር፤ ሁሉንም ግን ከመሃሉ ጀምሮ። ጅቡ ገደል ገብቶ ሲያለቅስ አውቃለሁ፤ ማን እንደገፈተረው አላውቅም። ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ ከድሃዋ ሴት እግር ላይ ሲወድቅ አውቃለሁ፤ ምን እንደበደላት አላውቅም። ጥፋቱ የተራቹ አልነበረም። እኔ ነኝ ዘግይቼ የምደርሰው።

አባቴ ሰሊጥ የሚያርሰው ከሸሕዲ ወጣ ብሎ ነበር። አጨዳ ሲደርስ ቤታችንን ቆልፈን ሁላችንም ወደ እርሻው ካምፕ እንወርዳለን፤ ካምፕ የምንለው ሦስት የሣር ጎጆ፣ አንድ የውሃ በርሜልና ትራክተሩ የሚቆምበት ዳስ ነው። ያኔ ከወሎ፣ ከጎጃምና ከደጋው ጎንደር የመጡት፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸው የቀን ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው ሲያጭዱ ይውሉና ማታ በየእሳታቸው ዙሪያ ይቀመጡ ነበር፤ የሰሊጥ አገዳው ጭስ፣ የተጠበሰው ማሽላና የደከመ ሰው ላብ የተቀላቀለበት ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

የሠራተኞቹ አለቃ አያ ይመር ነበሩ። ለአንድ ክረምት አረም ከወሎ መጥተው በዚያው የቀሩ፣ ረዘም ከሳ ያሉ ሰው ናቸው፤ ቀን ሲቆጡ ትራክተሩ ራሱ የሚደነግጥ ይመስለኝ ነበር፣ ማታ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ተረታቸው ሥርዓት ነበረው። እራት እንደተበላ ኩራዛቸውን ከጎጆ አውጥተው ድንጋይ ላይ ያስቀምጡና፣ በለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ እየለኩ ሦስት ቆርኪ ላምባ ይጨምሩባታል። ከሦስት አያልፉም። ክብሪት ሲጭሩ ተረቱ ይጀመራል፤ ኩራዟ ስትጠፋ ያልቃል። ተረቱ ረጅም ከሆነ አፋቸውን ያፈጥናሉ፣ አጭር ከሆነ ወንዝና ጫካ እየጨመሩ ያስረዝሙታል፤ ብቻ ነበልባሏ ተርገብግባ ልትጠፋ ስትል የመጨረሻዋ ቃል ከአፋቸው ትወጣለች። ሰው ዘግይቶ ቢመጣ ወደ ኋላ አይመለሱም። ሠራተኛው ሌሊት አሥር ሰዓት መነሳት አለበት፤ ፀሐይ ከከረረ በኋላ የሚታጨድ ሰሊጥ ፍሬው እየፈነዳ መሬት ላይ ይፈሳል። እናም የሰው እንቅልፍ የሚሻማ ተረት በእሳቸው ዘንድ ነውር ነበር።

የእኔ ሥራ እራት የተበላበትን ሳህን በርሜሉ ጋ ማጠብ ነው። ሥራው የአፍታ ነበር፤ እኔ ግን በመሃሉ የጉንዳን ሰልፍ ስከተል፣ በርሜሉ ውስጥ ጨረቃን ስፈልግ አፍታው ይረዝማል። ወንድሜ ከሩቅ ስሜን ጠርቶ «ጥሩ፣ ሊጀምሩ ነው!» ይለኛል። «መጣሁ!» እላለሁ። መጣሁ ካልኩ በኋላ የደረስኩ ያህል ልቤ ያርፋል፤ እጄም እንደገና ሥራውን ይተዋል። ስደርስ አያ ይመር ዓይናቸውን ከኩራዟ ሳያነሱ «መጣች የጅራቷ ባለቤት» ይላሉ፣ ሰዉ ይስቃል፣ እኔም የተረቱን ጅራት ይዤ እቀመጣለሁ።

ከሁሉም እስከ ትልቅነቴ የተከተለኝ የበሬው ተረት ነው። ያን ማታ ስደርስ ኩራዟ ልትጠፋ ጥቂት ቀርቷታል። አያ ይመር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንስሳቱ ሁሉ ተሻግረው ከወዲያ ማዶ ሣራቸውን ይግጣሉ። ደራሹ ውሃ ግንድ እየነቀለ ይመጣል። በሬው ግን ከወዲህ ዳር፣ ጆሮውን አቁሞ፣ እንደቆመ ነው» አሉ። ኩራዟ ጠፋች። በዚያ ጨለማ እኔ ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅሁ፤ ሲጎተት ውሎ የቀረ ሞኝ በሬ ነበር የመሰለኝ። አያ ይመር ቆየት ብለው እሳቸውም ሳቁ። ለምን ዘግይተው እንደሳቁ ያኔ አልገባኝም።

በነጋው ወንድሜን ብጠይቀው «ቀድመሽ መጥተሽ አትሰሚም ነበር!» አለኝ። አያ ይመርን ብጠይቃቸው «አብሽሪ፣ ሌላ ቀን እነግርሻለሁ» አሉኝ። ሌላው ቀን ሳይመጣ አጨዳው አለቀ፤ እሳቸውም ወደ ሽንፋ በኩል ሌላ እርሻ አግኝተው ሄዱ።

አድጌ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆንኩ፤ እዚያው ሸሕዲ፣ ከመናኸሪያው ብዙ ሳይርቅ ባለች ትንሽ ክሊኒክ ተቀጠርኩ። የላቦራቶሪው ቁልፍ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው የሚያድረው። አመሌም አብሮኝ አድጓል። ከቤቴ ክሊኒኩ በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ነው፤ አንድ ቀን በባጃጅ በዐሥር ደቂቃ ስለደረስኩ ግን ሁልጊዜ ዐሥር ደቂቃ ነው እላለሁ። ፀጉሬም ዐሥር ደቂቃ፣ ቁርሴም ዐሥር ደቂቃ፣ ልብሴን መተኮስም ዐሥር ደቂቃ ነበር። የሁለት ሰዓቱ ሥራ ሁለት ተኩል ይሆናል፣ አንዳንዴም ሦስት። የክሊኒኩ ኃላፊ ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ጽፈውልኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ አልቅሼ፣ ለአንድ ሳምንት ተስተካክዬ፣ ተመልሼ እዚያው ሆንኩ።

በኅዳር፣ ወባው በበረታበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ደረስኩ። ዘበኛው ጋሽ አለሙ በሩ ላይ ቆመው አላስገባ አሉኝ።

«አንድ ሽማግሌ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምረው እዚህ አግዳሚ ላይ ሲንቀጠቀጡ ነበር» አሉኝ። «የሚሄዱበት ትራክተር ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ሽንፋ ይነሳል አሉና ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ወጡ። ‹ባለ ቁልፏ ማን ናት?› ሲሉኝ ስምሽን ነገርኋቸው። የአባትሽን ስም ሲሰሙ ግን ሳቁ።»

«ማን ነኝ አሉዎት?»

«ይመር ነኝ በላት፣ አሉ።»

ቦርሳዬን እንኳ አላስቀመጥኩም። ወደ መናኸሪያው ስሮጥ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ትኩሳት፣ በትራክተር ተሳቢ ላይ ፀሐይ እየመታቸው እርሻ ድረስ ከሄዱ አይመለሱም። ከሄዱ ደግሞ የገደልኋቸው እኔ ነኝ። ማንም ሳይሰማኝ «አቤቱ፣ ዛሬን ብቻ» እያልኩ ሮጥኩ። ስደርስ ትራክተሩ የለም። የቆመበት ቦታ ላይ የፈሰሰ ዘይት ብቻ ነበር።

ዞር ስል፣ አንድ የኩርኩራ ዛፍ ሥር፣ ጓዛቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው አየኋቸው። ፊታቸው እንኳ ሳይታየኝ በርዝመታቸው አወቅኋቸው።

«አያ ይመር! ትራክተሩስ?»

«ባለ ትራክተሩን ሂድ ልለው ነው የመጣሁ። ሄደ።»

«ለምን ተዉት?»

«አንቺ ልጅ ትመጫለሽ ብየ ነዋ!» አሉ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ። «ወዳንቺው ልመለስ ነበር፣ እግሬ እንቢ አለኝ እንጂ።»

እዚያው ተንበርክኬ አለቀስኩ፤ የደስታም፣ የእፍረትም ነበር። በባጃጅ ወሰድኋቸው። መስታወቱን ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጌ አየሁ፤ ደማቸው በወባ ተሞልቷል። ነርሷ ውጤቱን አይታ «እርሻ ገብተው ቢሆን ኖሮ…» አለችና አልጨረሰችውም። የሚያስታምማቸው ሰው ስላልነበረ ወደ ቤቴ ወሰድኋቸው።

መድኃኒቱ የሦስት ቀን ነው፤ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ፣ ሳይዛነፍ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓትን ፈርቼ ሳይሆን ለሰው ብዬ ጠበቅሁት። ጠዋት መድኃኒታቸውን ሰጥቼ፣ አጥሚት አጠጥቼ ሁለት ሰዓት ላይ ክሊኒክ መድረስ ነበረብኝ፤ ስለዚህ ያ ዐሥር ደቂቃ የምለው ሁሉ በእርግጥ ስንት እንደሚፈጅ ስልኬ ላይ አየሁት። ፀጉሬ ብቻውን ግማሽ ሰዓት በላ! ሳቄ መጣ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ፀጉሬን ሠርቼ፣ ጋውኔን ተኩሼ፣ ቁልፉን ጫማዬ ውስጥ አስቀምጬ መተኛት ጀመርኩ፤ ቁልፉን ሳልይዝ ጫማ ማድረግ እንዳልችል።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ በጊዜ ስገባ ትኩሳታቸው ለቋቸው፣ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው አገኘኋቸው። እንጀራ አምጪ ብለው በሉ። ከዚያ መብራት ጠፋ፤ ሻማ ለኮስኩ። አያ ይመር ሻማውን ወስደው በጥፍራቸው ጫር አደረጉና «እስከዚህ ድረስ። ላምባ ድሮ ቀረ» አሉ። ከፊታቸው ተቀመጥኩ። ማንም ሳይቀድመኝ።

«በሬና ፍየል ባልንጀሮች ነበሩ» ብለው ጀመሩ። «ሣሩ በደረቀ ጊዜ እንስሳቱ መከሩ፤ በደጋው በኩል ደመና ሲታይ፣ ደራሽ ሳይመጣ፣ ወንዙን እንሻገር ተባባሉ። ደመናው ታየ። ከሁሉ ቀድሞ ወንዙ ዳር የደረሰው በሬው ነው። ፍየሏን ቢጣራ ‹ሂድ፣ መጣሁ!› ትላለች፤ ከዚያ አንድ ቁጥቋጦ ትቀነጥባለች፤ አሁንም ‹መጣሁ!› ትላለች። ሌሎቹ ‹ና እንጂ፣ ውሃው መጣ!› ቢሉት ‹መጣሁ ብላለች እኮ› አለና እንስሳቱ ሁሉ ሲሻገሩ እሱ ቆመ።»

በአፌ እጄን ጫንኩ። ይህን ሁሉ ዓመት የዘገየው በሬው ይመስለኝ ነበር።

«ፍየሏስ?» አልኩ።

«ፍየሏማ መጣች። መጥታ በሬው ከወዲህ ዳር ቆሞ ብታየው፣ ‹ምነው፣ እስካሁን አልተሻገርህም?› ብላ ከት ብላ ሳቀችበት።» ሻማውን ተመለከቱ። «ያን ማታ ይችን ልናገር ስል ኩራዟ ጠፋች። እኔ ሳልናገረው አንቺው ሳቅሽልኝ። ከዚያ ወዲያ ምን እላለሁ?»

«ውሃው ወሰዳቸው?» አልኩ።

«ኧረ! የቆላ ደራሽ መቼ ይቆያል? በሦስተኛው ቀን ጎደለ፤ ተያይዘው ተሻገሩ። አብሽሪ።» ሻማው ጥፍራቸው የጫረው ላይ ደረሰ። እፍ አሉት።

ከልጅነቴ ተረቶች ዛሬም የቀረኝ ጅራታቸው ብቻ ነው፤ የበሬው ብቻ ሙሉ ነው። አሁንም አንዳንድ ጠዋት «መጣሁ» የሚል ቃል አፌ ላይ ይመጣል፤ ያኔ ወንዝ ዳር ጆሮውን አቁሞ የቆመው ይታየኛል፣ ፊቱም የአያ ይመር ነው።

ከተረቱ በነጋው በቤቴ ደጃፍ ወደ ሽንፋ በሚያልፍ ትራክተር ላይ ሳሳፍራቸው ገና አሥራ ሁለት ተኩል ነበር። ከዚያ በእግሬ፣ ሃያ አምስቱን ደቂቃ ሙሉ፣ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። አግዳሚው ባዶ ነበር፤ ሌሊት የወረደው ጤዛ እንኳ አልደረቀም። በሩን ከፈትኩና ወጥቼ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ፣ የሚመጡትን ጠበቅኋቸው።