የዞረው የጋሼ ሰይፈ ሚካኤል ደጅ

ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ የመቱን ከተማ የሚያውቋት በጆሯቸውና በእግራቸው ነበር። ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከደጃቸው ሲወጡ በቀኝ ወፍጮ ቤቱ፣ በግራ የባጃጅ ተራው ይሰማቸዋል። ወንዙ ከጓሯቸው በታች፣ ከቁጥቋጦውና ከቆሻሻው ማዶ ነው፤ ሰው ወደዚያ መውረድ ከተወ ቆይቷል።

ኋላ የኮሪደር ልማት መጣ። ከተማውን ከወንዙ ጋር እናገናኛለን ተባለ። ቁጥቋጦው ተመነጠረ፣ በዳርቻው የእግረኛ መንገድ ተነጠፈ፣ ቤቶቹም ፊታቸውን ወደ ውሃው እንዲያዞሩ ታዘዙ። ባለቤታቸው እትዬ እታፈራሁ ግንበኛ አስመጥተው በጓሮ በኩል በር አስወጡ፤ የድሮውን በር በብሎኬት አስደፈኑት።

«አሁን ደጃችን የቱ ነው?» አሉ ጋሼ።

«በጓሮ በኩል ነዋ።»

«ጓሮውስ?»

እትዬ እታፈራሁ ትንሽ አሰቡና፣ «እንጃ፣ ጓሮ የለንም መሰለኝ» አሉ።

አንድ እሁድ እትዬ እታፈራሁ ኖፓ ወረዳ ለቅሶ ሄደው ሳለ፣ ጋሼ ብቻቸውን ለቅዳሴ ወጡ። ቀኙ ግራ ሆኗል እያሉ ለራሳቸው እየነገሩ ሄዱ። ወፍጮው ዝም ብሏል፤ መሬቱም ወለል ሆኖ ለእግራቸው ምንም አልነግራቸው አለ። ሙዚቃና የሰው ጫጫታ ሲሰሙ በቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ላይ ያለው መናኸሪያ የደረሱ መሰላቸው። ደረጃ ወረዱ። ጫማቸው ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ገባ።

በቆሎ የምትጠብሰው ጎረቤታቸው ዲሪቤ ሮጣ ክንዳቸውን ያዘች። «ጋሼ፣ ኤሳ ዴምቱ? ወዴት ነው?»

«ወደ ቤተ ክርስቲያን።»

«ይሄ እኮ ወንዙ ነው።»

«ወንዙማ ከኋላዬ ነው።»

«ፊትዎ ነው ያለው፣ ጋሼ።»

ጋሼ ቁጭ ብለው እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ። በልጅነታቸው ከዲሪቤ አባት ከጎንፋ ጋር የዋኙበት ቦታ መሆን አለበት። በእጃቸው ቢዳስሱ ግን ያገኙት ሲሚንቶ ብቻ ነው።

«እዚህ ጋ ትልቅ ድንጋይ ነበር» አሉ።

«አባቴም እንዲያ ይላል። እኔ አላየሁትም።»

እትዬ እታፈራሁ ሲመለሱ ይህን ሰምተው ደነገጡ፤ ከአዲሱ በር እስከ ወንዙ ዳር አግዳሚ ወንበር ድረስ ገመድ ዘረጉላቸው። በሳምንቱ የእግረኛ መንገዱ ዘበኛ መጥቶ ገመዱ እይታ ያበላሻል ብሎ ፈታው።

አሁን ማታ ማታ ሁለቱ ተያይዘው ይወርዳሉ። ጋሼ ነፋሱን ወደውታል። ወደ ቤት እንግባ ሲባሉ ግን ተነስተው ፊታቸውን ወደ ውሃው ያዞራሉ፤ እትዬ እታፈራሁ በትከሻቸው ይዘው ይመልሷቸዋል።

«በዚህ ነው እንዴ?» ይላሉ ጋሼ።

«በዚህ ነው» ይላሉ እትዬ እታፈራሁ፣ እሳቸውም ለማረጋገጥ ዞር ብለው አይተው።