ጅብ የሌለበት ተረት

ልጅ ሳለሁ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚላቸው ልጆች እኔና እህቴ ቤዛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ቤታችን ላፍቶ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ በሚያስቀርበት ሰፈር ነበር። መብራት ከሄደ ቴሌቪዥኑ ዝም ይላል፣ እማዬ ከሰል ታያይዛለች፣ የእማዬ አጎት አባባ ንጉሤም ጓሮ ካለችው ክፍላቸው ፋኖስ ይዘው ይመጣሉ።

አባባ ጡረታ እስኪወጡ ጋራዥ ውስጥ የሠሩ ሰው ነበሩ። ተረት የሚነግሩን እጃቸው ሥራ ሲይዝ ነው። በዚያ ክረምት የያዙት ሥራ ከአባታቸው የወረሱትን፣ ለዘመናት ቆሞ የኖረ የኪስ ሰዓት መጠገን ነበር። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ያነጥፋሉ፣ አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ብሎኖቹን በትንሽ ካቻቢቴ እየፈቱ በወረንጦ አንስተው በተራ ይደረድራሉ። ፋኖሱ ጋዝ ጋዝ ይሸታል፣ እማዬ የምትጠብሰው በቆሎ ፍሙ ላይ ይንጣጣል፣ እኛ ትንፋሻችን ዕቃውን እንዳይበትነው አፋችንን ሸፍነን እናዳምጣለን። ተረቶቻቸው ሁሉ የሚያስፈሩ ነበሩ፤ የምንወዳቸውም ለዚያው ነው። ያኔ ፍርሃት እናት ጉያ ተወሽቀው የሚቀምሱት ጣፋጭ ነገር ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። አባባ የሰዓቱን ሆድ ዕቃ አውጥተው፣ ጥርሳም ክቦቹን በቤንዚን አጥበው ጨርቁ ላይ አስጥተዋቸዋል። ተረቱ ላፍቶ እርሻ በነበረበት ዘመን በምሽት ወደ ቤቱ ስለሚሄድ ደምሴ የሚባል ሰውና የሰው ድምፅ አስመስሎ በስሙ ስለሚጠራው ጅብ ነበር።

«ዘወር ካለ አለቀለት» አሉ አባባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጅቡ አንዴ ጠራው። ዝም አለ። ደግሞ ጠራው። ዝም አለ። ከዚያ ልክ ከጆሮው ሥር…» አሉና በድንገት ጮኹ፦ «ደምሴ!»

እኔ ዘልዬ እማዬ ላይ ወደቅኩ። ቤዛ በድንጋጤ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበችና ሳል ያዛት። መጀመሪያ ሳቅን። ሳሉ ግን አልቆም አለ፤ ፊቷ ጠቆረ፣ ዓይኗ አፈጠጠ። እማዬ ጀርባዋን መታ መታ ስታደርግላት ሳሉ በረደና ከደረቷ ቀጭን ፉጨት መውጣት ጀመረ፤ በተነፈሰች ቁጥር ሲጥ፣ ሲጥ።

አባባ ጨርቁን አዩ። የአንዷ ትንሽ ክብ ቦታ ባዶ ነበር።

«ቤዚ፣ አፍሽ ውስጥ ምን ነበር?»

ቤዛ በጣቷ ወደ ጨርቁ አመለከተች።

እማዬ እንዲወርድላት ዳቦ ልታጎርሳት ስትል አባባ እጇን ያዙ። «ተዪ! ሆዷ አልገባም። ስሚው እንጂ፣ የሚያፏጨው ደረቷ ነው!»

ጎረቤታችን ሰለሞን ሚኒባስ ታክሲ ይነዳ ስለነበር በጭቃው ሮጬ ጠራሁት። የሰፈራችን ክሊኒክ ስንደርስ ነርሷ የቤዛን ደረት አዳምጣ ፊቷ ተለወጠ። «አየር ቧንቧዋ ውስጥ ገብቷል። አሁኑኑ ትልቅ ሆስፒታል ውሰዷት። ቀጥ ብላ ትቀመጥ። እንዳታለቅስ፣ እንዳትስቅም። ከቦታው ከተንቀሳቀሰ ትንፋሿን ሊዘጋው ይችላል።»

መንገዱ በዝናቡ ተዘጋግቶ ነበር። መኪናው ትንሽ ይሄድና ይቆማል። ሰለሞን ክላክስ ሊነፋ እጁን ያነሳና ቤዛን በመስታወቱ አይቶ ይመልሰዋል። የቤዛ ከንፈር መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ጭናቸው ላይ ቀጥ አድርገው የያዟት አባባ፣ «አንዲት ላም ነበረች» አሉ።

«ምን ሆነች?» አለች ቤዛ፤ ፉጨቱ ቃሏን ይቆራርጠዋል።

«ምንም አልሆነች። ሣር በላች።»

«ጅቡስ?»

«ጅብ የለም። እዚያ አገር ጅብ አልተፈጠረም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ውሃ ጠጣች። ፀሐይ ሞቀች። ከዚያ ጋደም አለችና ተኛች።»

ድምፃቸው ለብ ያለ ውሃ ይመስል ነበር። እኔ ግን አጠገባቸው ስለተቀመጥኩ በአንድ እጃቸው የወንበሩን ጠርዝ ጨምድደው መያዛቸውን አያለሁ። እማዬ ከኋላችን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነክሳዋለች። አንድ ቦታ ላይ ፉጨቱ ቆመ። ሰለሞን ዞሮ አየን። እንደዚያ ያለ ጸጥታ ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ሲጥ አለና፣ «ተነሳች?» አለች ቤዛ።

«ተነሳች፣ የኔ እናት። ተነሳች» አሉ አባባ፤ ድምፃቸው የተሰበረው ያኔ ብቻ ነው።

ሆስፒታል እንደደረስን አስተኝተዋት፣ በአፏ በኩል ቀጭን መሣሪያ አስገብተው አወጡላት። ጠዋት ሐኪሙ ለእማዬ በትንሽ ብልቃጥ ሰጣት፤ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ጥርሳም ነሐስ። እማዬ ልትወረውራት እጇን አነሳች። አባባ ግድግዳውን ተደግፈው ሲያዩዋት ግን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ክረምቱ ሲወጣ ሰዓቱን ክፍላቸውን ዘግተው ብቻቸውን ገጣጠሙት፤ ሠራም። የሚያስፈራ ተረት ግን ከዚያ በኋላ ከአፋቸው ሰምተን አናውቅም።

ዛሬ ለቡ ሰፈር እኖራለሁ፤ እናትም ሆኛለሁ። ባለፈው ክረምት ልጄን ትኩሳት ጥሎት አባቱ መኪና ፍለጋ ሲወጣ፣ አጠገቡ ተቀምጬ ስለ ጫማው፣ ስለ ግድግዳው ቀለም፣ ስለማይረባ ነገር ሁሉ ቀስ እያልኩ አወራሁለት። ፍርሃት እንዲህ ዝም ሊያሰኙት የሚቻል ነገር መሆኑን ያስተማረኝ ማን እንደሆነ አውቃለሁ። እጄ ግን ብርድ ልብሱ ሥር ፍራሹን ጨምድዶ ይዞ ነበር። ልጄ ያየው ፊቴን ብቻ ነው።