ካርዶቼን ይዤ ጨለለቅቱ ደርሼ መጣሁ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ አዲስ አበባ

ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተራው ይንጫጫል። ጭኔ ላይ የጫማ ካርቶን ታቅፌያለሁ። ውስጡ በማሽን የተበሱ አራት መቶ ካርዶች አሉ። አንዱ ካርድ አንድ ገበሬ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ስሙን፣ የሚያስረክበውን ቡናና እስከ ማጠቢያ ጣቢያው ስንት ሰዓት በእግሩ እንደሚጓዝ ይናገራሉ። ኮምፒዩተር የሚገባው ይኼ ብቻ ነው።

"ጫማ ነው?" አለኝ ሾፌሩ።

"አይ፣ ማሽን የሚያነበው ነገር ነው።"

"ማሽኑም መሠረተ ትምህርት ገባ በለኛ!"

አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀብኝ። ይሳቁ። ለሁለተኛ ዲግሪዬ የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ ያለችው አንዲት የጭነት መኪና ቡና ለመሰብሰብ መጀመሪያ ወዴት ትሂድ? ካርዶቹን ከጨለለቅቱ ቡና ማጠቢያ መዝገብ ጋር አመሳክሬ ሰኞ ጠዋት ማሽኑ ዘንድ ካልደረስኩ ተራዬ ያልፋል፣ ምረቃዬም ለከርሞ ይላል። ለተማሪ የሚፈቀደው ኮምፒዩተር አንድ ነው፤ እሱም የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው።

ሐሙስ አመሻሽ፣ ዲላ

አቧራ ለብሼ ደረስኩ። እማዬ ካርዱን በመስኮቱ ብርሃን አየችው።

"ይኼ ወንፊት ነው እንዲህ ያከሳህ? መምህርህስ ምን ይወዳል?"

"ፀጥታ።"

"ባዶ እጅህን ልትሄድበት ነው? አታሳፍረኝ!"

ነገሩን ችላ አልኩት። ጥፋቴ እሱ ነው።

ዓርብ ረፋድ፣ ጨለለቅቱ

ይርጋጨፌን አልፎ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነው። ከጭነት መኪና ላይ እንደ ጆንያ ተወርውሬ ወረድኩ። አገሩ እንሰትና ቡና፣ ሽታው የተፈለፈለ የቡና ገለባ። የማጠቢያ ጣቢያው መዝገብ ያዥ ጋሽ በየነ መዝገቡን ዘርግተው፣ እኔ ካርዱን እያነበብኩ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አመሳከርን።

"መጨረሻ ላይ ምን ልታውቅበት ነው?" አሉኝ። አስረዳኋቸው።

"ሬኮ" አሉ።

"ምን?"

"መኪናዋ መጀመሪያ ሬኮ መንደር ትሂድ። የነሱ መንገድ ሩቅ ነው፤ ቡናው ጀርባቸው ላይ ይበላሻል።"

"ጋሽ በየነ፣ ይኼ እኮ በሳይንስ ነው የሚረጋገጠው!"

"ይረጋገጣ" ብለው ሻያቸውን ፉት አሉ።

ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋሁበትን በአንድ ትንፋሽ! እስከ ዲላ ድረስ ስናደድ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ኬላ

እማዬ ካርቶኑን ራሷ በሲባጎ አስራ ሰጠችኝ። ከበደኝ፤ እውቀት ይሆናል ብዬ ተሸከምኩት። ጪጩን አልፈን ብዙም ሳንሄድ ኬላ ላይ ቆምን። ያኔ ከአገሩ ቡና ይዞ መውጣት ክልክል ነው።

ፈታሹ ወጣት ነው፤ በእጁ ሹል ብረት ይዟል። የካርቶኑን ጥግ ወጋ ሲያደርገው ጥሬ ቡና ዝርግፍ አለ። እማዬ፣ ጉድ ሠራሽኝ!

"ቡናውም ካርቶኑም ይወረሳል፣ ጓድ።"

"ቡናውን ውሰደው! ካርዱን ግን በፈጠረህ ተውልኝ፤ ሰኞ ፈተናዬ ነው።"

ሲባጎውን ፈትቶ አንዱን ካርድ አነሳና በቀዳዳው አየኝ። "ምስጢር ነው?"

"ገበሬ ነው።"

"ታላግጥብኛለህ?"

"እውነቴን ነው! የጨለለቅቱ፣ የሬኮ ገበሬዎች ናቸው።"

ብረቱን ዝቅ አደረገ። "እስቲ አባቴን አንብብልኝ። ጅግሶ ቦኮ ይባላል፣ ሬኮ ነው።"

ካርዶቹን አገላብጬ አገኘሁት። በጣቴ ቀዳዳዎቹን እየዳሰስኩ አነበብኩለት፦ "እስከ ማጠቢያው በእግር ሦስት ሰዓት ተኩል።"

ቀዳዳዎቹን እሱም ዳሰሰና፣ "ለእኔ ቅርብ ነው እያለ ነው የሚነግረኝ" አለ። "ይኼ ማሽንህ መኪና ያመጣለታል?"

"ያመጣለታል" አልኩ። ምን ልበል? ካርቶኔ እጁ ላይ ነው።

ሲባጎውን ራሱ መልሶ አሰረልኝ። ቡናው ቀረ።

ሰኞ ጠዋት፣ አዲስ አበባ

ማሽኑ ካርዶቹን አንድ በአንድ ዋጣቸው። ብዙ ካጓራ በኋላ አንድ ክንድ የሚሆን ወረቀት ተፋ። ከሁሉም በላይ የተቀመጠው ሬኮ ነው። ጋሽ በየነ ከነሻያቸው ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

ተመረቅኩ። ጽሑፌ አንድ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ቅጂ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄደ። እኔም ስለ መኪናዋ ሳልጠይቅ ከረምኩ።

በዓመቱ፣ እዚያው ኬላ

እማዬን ጠይቄ ስመለስ ያው ፈታሽ አውቶቡሱ ላይ ወጣ። የሰዉን ሁሉ ሻንጣ እያስከፈተ መጥቶ እኔ ጋ ሲደርስ አወቀኝ።

"አባቴ አሁንም በእግሩ ነው" አለኝ።

አፍሬ ቦርሳዬን ከፈትኩለት። ውስጡን እንኳን ሳያይ ወደ ቀጣዩ ሰው አለፈ።