አትጠገብን ስጠራ

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ጥቂት ቀናት ቀርተዋት ነበር። ሕፃኗ ሴት መሆኗን ካወቅን ጀምሮ ከስም በቀር ሌላ ወሬ አልነበረንም። በመጨረሻ የሁለታችንንም ልብ የሞላው «አትጠገብ» የሚለው ሆነ። ያን ቀን ጧት ከክሊኒክ ወጥተን በደስታ እየተሳሳቅን ፒያሳን ስናቋርጥ፣ ባለቤቴ ድንገት ቆመች።

«ስም በሹክሹክታ አይታወቅም። ስትጫወት ርቃ እንደሄደች አድርገህ ጥራት እስቲ» አለችኝ።

ደስ ያለው ሰው መቼ ያፍራል? ድምፄን ከፍ አድርጌ «አትጠገብ» ብዬ ተጣራሁ።

«አቤት» አለኝ አንድ ድምፅ።

ከፊታችን ይሄዱ የነበሩ አንዲት አረጋዊት መነኩሴ ናቸው። መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ወደ እኛ ተመለሱና ፊቴን ይመረምሩ ጀመር።

«የማን ልጅ ነህ ልጄ? አላወቅሁህም።»

«ይቅርታ እማሆይ፣ እርስዎን አልነበረም የጠራሁት።»

«ታዲያ ማንን ነው?»

የምጠቁመው ሰው ባጣ የባለቤቴን ሆድ አሳየኋቸው። እሳቸው ግራ ተጋብተው አንዴ እኔን፣ አንዴ ሆዷን ያያሉ። ባለቤቴ ሳቋን በነጠላዋ አፍና ነገሩን አስረዳቻቸው።

እማሆይ ግንባራቸውን ቋጠሩ። የተቆጡ መስሎኝ ደግሜ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

«ሸጋ ስም ነው» አሉ። «አባቴ ነበር ያወጣልኝ። ስመነኩስ ሌላ ስም ተሰጠኝና ይኸኛው ቀረ። አሁን በዚህ ስም የሚያውቀኝ ሰው በሕይወት የለም።»

ከዚያ ግራ ቀኙን አይተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እስቲ አንዴ ድገመው» አሉኝ።