ተፈርሞ ያልጸደቀው ውል

አቃቂ በሰቃ ውስጥ ሕግ የቸገረው ሰው ጠበቃ ከመፈለጉ በፊት እኔን ይጠይቃል። ትምህርት ቤት የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ዛሬ ጠዋት ዝናብ የነካው የሸራ ሽታ ከጎረቤት መጣና አንድ ክረምት አስታወሰኝ። ልንገርህ።

ያኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበርኩ። ከሥራ ስወጣ የጥጡን ብናኝ ከፀጉሬ ሳላራግፍ ወደ ቀበሌው ቤተ መጻሕፍት እሮጣለሁ። አዲሱ ሕገ መንግሥት የወጣ ሰሞን ነው። መጽሐፍ የምታውሰን ልጅ "አንተ እኮ ፓርላማ ነው መግባት ያለብህ!" እያለች ትስቅ ነበር። ለዚያች ሳቅ ስል ሕገ መንግሥቱን በቃሌ ያዝኩት።

ከዚያ አንድ የሕግ ተማሪ ሰፈራችን መጣ። ነጭ ሸሚዝ፣ ለስላሳ አንደበት። ሳቋ ወደ እሱ ዞረ። እኔ ስመኘው የኖርኩትን የእድራችንን ጸሐፊነትም ለእሱ ሰጡት። ድንኳናችን ወንፊት ሆኖ ስለነበር፣ ከሐዲዱ ማዶ ካለው እድር ጋር ድንኳን ለመዋዋስ ተደራድሮ ፈረመ። በስብሰባ ላይ ይህን ሲናገር ሰው አጨበጨበ፤ እሷም አጨበጨበች። ብድግ አልኩ።

"መፈረም ሌላ፣ ማጽደቅ ሌላ! ከሌላ አገር ጋር ተደራድሮ የሚፈርመው አስፈጻሚው ነው፤ የሚያጸድቀው ግን ምክር ቤቱ ነው። የእኛ ምክር ቤት ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ይኸው፣ ዛሬ ግማሹ አባል የለም!"

ተማሪው ትንሽ አሰበና "ልክ ነው" አለ።

የእድሩ ዳኛ "ይሄ ሰውዬ ጉድ ነው እናንተ!" ብለው ጉዳዩን ለሚቀጥለው ወር አሳደሩት። ያን ቀን መሬት የረገጥኩ አልመሰለኝም።

በሁለተኛው ሳምንት የልጅቷ እናት ሞቱ። ሐምሌ ነበር። የማዶዎቹ "ውሉ መቼ ጸደቀና?" ብለው ድንኳናቸውን ከለከሉን። ዝናቡ በለቀስተኛው ላይ ወረደ። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የራሰ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ ቀና ብላም ሳታየኝ "ልክ ነበርክ እኮ" አለችኝ። ተማሪው ውጭ፣ ሸሚዙ ገላው ላይ ተጣብቆ፣ ከላያችን ላስቲክ ይወጥር ነበር።

ዛሬ ሁለቱ ገላን ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖሩት። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ በረንዳቸውን ይፈልጋል።

ቢሆንም የሠራሁትን ልቁጠርልህ። ውሉን በቀጣዩ ጉባኤ በሙሉ ድምፅ አስጸደቅሁ። "ሐዘን ከደረሰ ጉባኤ ሳይጠበቅ ይሠራበታል" የሚለውን አንቀጽ በገዛ እጄ ጻፍኩ። ጸሐፊ ሆንኩ፤ ኋላም ዳኛ። በሠርጋቸው ቀን ከሁሉ ቀድሜ ደረስኩ፤ እሷ ስትወጣም አጨበጨብኩ።